የመርሳት ሕመም፡- በእርጅና ስም የተሸፈነው የጤና ችግር

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ለዓመታት ሲያፈሉት የኖሩትን ቡና አቦሉን ቀድተው ሳይጨርሱ ጀበናውን ለቶና ሊጥዱ ይነሳሉ። በሌላ ቀን ከጎረቤት ለቅሶ ሲመለሱ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት የሰፈር መንገድ ይጠፋባቸዋል። ልጆቻቸው «እማዬ አርጅታለች» ብለው ያልፉታል። ዓመት ሳይሞላ የጡረታ ገንዘባቸውን ያስቀመጡበት ቦታ ስለሚጠፋባቸው አብራቸው የምትኖረውን የቤት ሠራተኛ ሌባ ይሏታል። ሠራተኛዋ ትባረራለች፤ ገንዘቡ ከወራት በኋላ በእህል ጆንያ ውስጥ ይገኛል። ወደ ሕክምና የሚወሰዱት ግን አንድ ሌሊት ከቤት ወጥተው ከጠፉ በኋላ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚታይ በመሆኑ እንደ ሕመም ሳይቆጠር ቆይቷል። «ጃጀ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም የዕድሜ መግፋትንና የአእምሮ መድከምን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። የሕክምናው ሳይንስ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። እርጅና ሕመም አይደለም፤ የመርሳት ሕመምም ያረጀ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ዕጣ አይደለም። ሁለቱን በወቅቱ መለየት ሊድን የሚችለውን ለማዳን፣ የማይድነውን በክብር ለመንከባከብ እንዲሁም የአረጋውያንን ንብረትና መብት ለመጠበቅ ወሳኝ መሆኑን በዘርፉ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይገልጻሉ።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) ነበረባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በአዲስ መልክ በሕመሙ ይያዛሉ። ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው መንስኤው የአልዛይመር በሽታ ሲሆን፣ በአንጎል የደም ሥሮች ጉዳት ሳቢያ የሚመጣው ዓይነት በተከታይነት ይጠቀሳል።

የገንዘብ ጫናውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ በ2019 ሕመሙ በዓለም ኢኮኖሚ ላይ ያደረሰው ወጪ 1 ነጥብ 3 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ድርጅቱ ገምቷል። ከዚህ ወጪ ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል ወይም የመድኃኒት ሂሳብ ሳይሆን የቤተሰብ አባላት ያለ ክፍያ የሚሰጡት የማስታመም አገልግሎት ዋጋ ነው። ይህን ሸክም በአብዛኛው የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶ የሚሆነው የሚሸፈነው በሴቶች ነው። ሥራዋን ትታ እናቷን ለማስታመም ቤት የዋለች ሴት ልጅ ጉዳይ በየትኛውም መሥሪያ ቤት የወጪ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ጫና ጥናት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2022 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ በተሰኘው መጽሔት ላይ ይፋ የተደረገው ትንበያ ለኢትዮጵያ ልዩ ትርጉም አለው። በጥናቱ መሠረት እ.ኤ.አ በ2019 57 ነጥብ 4 ሚሊዮን የነበረው የሕሙማን ቁጥር እ.ኤ.አ በ2050 ወደ 152 ነጥብ 8 ሚሊዮን ያድጋል። ጭማሪው ግን በሁሉም አካባቢ እኩል አይደለም። በምዕራብ አውሮፓ 74 በመቶ ሲሆን፣ በምሥራቅ የአፍሪካ ክፍል ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች 357 በመቶ ይደርሳል። በዚሁ ቀጣና 660 ሺህ የሚጠጋው የሕሙማን ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ተተንብዮአል። በኢትዮጵያ የሚጠበቀው ጭማሪ 443 በመቶ ነው፤ ይህም ዛሬ አንድ ሕመምተኛ ባለበት ቦታ በ2050 ከአምስት በላይ ይኖራሉ ማለት ነው።

አኃዙ በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። ትንበያው እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ በዚህ መጠን ይጨምራል ማለት አይደለም። ለጭማሪው በቀጣናው ዋነኛው ምክንያት የሕዝብ ቁጥር ማደግ ሲሆን፣ የሰዎች የመኖር ዕድሜ መርዘምም የራሱ ድርሻ አለው። የእናቶችና የሕፃናት ሞት ሲቀንስ፣ ክትባት ሲስፋፋና ተላላፊ በሽታዎች ሲገቱ ሰዎች ወደ እርጅና ዕድሜ ይደርሳሉ። በመርሳት ሕመም የመያዝ ዕድል ደግሞ ከ65 ዓመት በኋላ በየአምስት ዓመቱ በግምት በእጥፍ ያድጋል። በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከመቶው ሦስት ያህሉ ቢሆኑም፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ አንጻር ሲታይ ቁጥራቸው ከ3 ሚሊዮን ይበልጣል። በሌላ አነጋገር ችግሩ ከጤናው ዘርፍ ስኬት ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ አስቀድሞ ዝግጅት የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

በሽታው በስፋት ከመኖሩ ይልቅ አሳሳቢ የሚሆነው ሳይታወቅ መቆየቱ ነው። ዓለም አቀፉ የአልዛይመር በሽታ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከሚገኙ ሕሙማን 75 በመቶ የሚሆኑት ምርመራ ያላገኙ መሆናቸውንና አኃዙ በአንዳንድ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እስከ 90 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ተቋሙ እ.ኤ.አ በ2024 ይፋ ባደረገው የዳሰሳ ጥናት ከጠቅላላው ሕዝብ 80 በመቶ፣ ከጤናና እንክብካቤ ባለሙያዎች ደግሞ 65 በመቶ የሚሆኑት የመርሳት ሕመምን የእርጅና መደበኛ አካል አድርገው እንደሚያዩት ተመልክቷል። የተሳሳተው ግንዛቤ ከኅብረተሰቡ አልፎ ምርመራ ክፍል ውስጥ መኖሩን አኃዙ ያሳያል።

ከመዘንጋት እስከ ሕመም

ባለሙያዎች በዕድሜ የሚመጣውን ለውጥ በሦስት ደረጃ ከፍለው ያዩታል። የመጀመሪያው ጤናማ እርጅና ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው የሰው ስም ቶሎ አይመጣለትም፤ መነጽሩን ያስቀመጠበትን ይፈልጋል። ነገር ግን ስሙ ከቆይታ በኋላ ትዝ ይለዋል፤ መነጽሩንም አስታውሶ ያገኘዋል። ነገሮችን ለመማር ጊዜ ቢወስድበትም ይማራል። ይህ ሕክምና የሚጠይቅ አይደለም።

ሁለተኛው መለስተኛ የአእምሮ ብቃት መቀነስ የሚባለው ነው። ስያሜው በሕክምናው ዓለም በስፋት የታወቀው በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ የነርቭ ሐኪም የሆኑት ሮናልድ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1999 ካሳተሙት ጥናት በኋላ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ራሱ ወይም የቅርብ ሰው ለውጡን ያስተውላል፤ ምርመራ ሲደረግም የማስታወስ፣ የማቀድ ወይም የቋንቋ ችሎታው ከዕድሜውና ከትምህርቱ ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ይገኛል። ሆኖም ግለሰቡ ጉዳዮቹን ራሱ ይፈጽማል። የእድር መዋጮውን ይከፍላል፤ ገበያ ሄዶ የሚፈልገውን ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ ይመለሳል፤ ምናልባት ከቀድሞው የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል፤ ማስታወሻም ይይዛል።

ሦስተኛው የመርሳት ሕመም ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚለየው መስመር የረሱት ነገር ብዛት ሳይሆን ራስን ችሎ የመኖር ጉዳይ ነው። ሰውዬው የሌላ ሰው ድጋፍ ሳያገኝ ገንዘቡን ማስተዳደር፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ፣ ወጥቶ መግባት ሲያቅተውና ይህም ቀድሞ ከነበረው ችሎታ ያዘቀዘቀ ሲሆን ሕመሙ እንዳለ ይቆጠራል። ችግሩ የማስታወስ ብቻም ላይሆን ይችላል። በአንዳንዶቹ ዘንድ አስቀድሞ የሚለወጠው ጠባይ ነው፤ ጨዋና ቁጥብ የነበሩ ሰው ድንገት ተሳዳቢ ወይም ገንዘብ በታኝ ይሆናሉ። ሌሎች ደግሞ የሌለ ነገር ይታያቸዋል።

መለስተኛው ደረጃ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ በ2018 ያወጣው መመሪያ ያስረዳል። የተለያዩ ጥናቶችን አጠቃሎ የተዘጋጀው ይኸው መመሪያ ከ60 እስከ 64 ዓመት ባሉ ሰዎች ዘንድ 6 ነጥብ 7 በመቶ፣ ከ70 እስከ 74 ባሉት 10 ነጥብ 1 በመቶ፣ ከ80 እስከ 84 ባሉት ደግሞ 25 ነጥብ 2 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። የመጀመሪያው የዕድሜ ክልል በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ የሚሰናበትበት ነው።

ይህ ደረጃ ብይን አለመሆኑን ማጤን ያስፈልጋል። በዚሁ መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ሆኖ መለስተኛ መቀነስ ከታየባቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ መርሳት ሕመም የተሸጋገሩት 15 በመቶ ያህል ናቸው። ሌሎች ባሉበት ይቆያሉ፤ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ደግሞ በቀጣይ ምርመራ ወደ ጤናማው ደረጃ ተመልሰው ይገኛሉ። በመሆኑም ግለሰቡ ከወራት በኋላ ዳግመኛ መታየት አለበት እንጂ በአንድ ቀን ምርመራ ስም ሊለጠፍበት አይገባም።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

የመርሳት ሕመም ምርመራ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ውድ የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያን ነው። መሣሪያዎቹ ጠቃሚ መሆናቸው ባይካድም የምርመራው ዋና መሠረት ግን ጥያቄና ጊዜ ነው። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ታካሚውን ለዓመታት የሚያውቅ ሰው ቃል ነው። ለውጡ መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ከአምስት ዓመት በፊት ያለ ችግር ሲሠሩት የነበረውና አሁን ያቃታቸው ምንድን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ከማናቸውም መሣሪያ የበለጠ ያመለክታሉ።

የጊዜው ጉዳይ ወሳኝ ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መቃዠትና መደናገር የመርሳት ሕመም ሳይሆን ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ሊሆን ይችላል። መንስኤውም የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «አርጅተዋል» ብሎ ወደ ቤት መመለስ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ቀጣዩ እርምጃ ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶችን ማጣራት ነው። የድብርት ሕመም በአረጋውያን ዘንድ ራሱን በመርሳት መልክ ሊገልጥ ይችላል፤ የትዳር ጓደኛቸውን ያጡ፣ ምግብ የተዉ፣ ለተጠየቁት ሁሉ «አላውቅም» የሚሉ አዛውንት የሚያስፈልጋቸው የድብርት ሕክምና ሊሆን ይችላል። የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ቂጥኝና ኤች አይ ቪም የአእምሮን ብቃት ከሚያዳክሙ መካከል ናቸው። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን በተመቱ አረጋዊ ላይ ደግሞ በአንጎል ሽፋን ሥር የተጠራቀመ ደም ሊኖር ይችላል፤ ይህም በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። የመስማትና የማየት ችግርም መጣራት አለበት፤ ጥያቄው ያልተሰማው ሰው መልሱን የረሳ ሊመስል ይችላልና። አብዛኛው ማጣሪያ በደም ምርመራ፣ በአካል ምርመራና በጥሞና በሚደረግ ቃለ መጠይቅ የሚከናወን ነው።

መመዘኛው ለማን ተሠራ?

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ብቃት መመዘኛ ነው። በዓለም በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ እ.ኤ.አ በ1975 በፎልስታይንና ባልደረቦቻቸው የተዘጋጀው ከ30 ነጥብ የሚታሰብ አጭር መመዘኛ ሲሆን፣ በተለምዶ ከ24 በታች ያገኘ ሰው ችግር እንዳለበት ይጠረጠራል። መመዘኛው ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠርን፣ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ማንበብን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍንና ሥዕል መገልበጥን ይጨምራል። እነዚህ ብቻ 8 ነጥብ ይይዛሉ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡና እርሳስ ይዘው የማያውቁ አንድ አርሶ አደር ስምንቱን ነጥብ ቢያጡ ቀሪው ሁሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ ውጤታቸው 22 ይሆናል። ጤነኛ አእምሮ ያላቸው ሰው በመሃይምነታቸው ብቻ ሕመምተኛ ተብለው ሊፈረጁ ነው። እ.ኤ.አ በ2005 ይፋ የሆነው የሞንትሪያል መመዘኛ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማሩ አንድ ነጥብ የሚጨምር ቢሆንም፣ አንድ ነጥብ በፊደል ቆጣሪውና ባልቆጠረው መካከል ያለውን ልዩነት አይሞላም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። ቀኑን የተጠየቁ እናት «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው» ብለው ቢመልሱ ወሩ በገባ በ23ኛው ቀን መሆኑን በትክክል ተናግረዋል፤ ሚካኤል ካሉ 12ኛው፣ ማርያም ካሉ 21ኛው ቀን ነው። ይህን የማያውቅ መርማሪ መልሱን ስህተት ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ዕድሜያቸውን የተጠየቁ አዛውንትም ቁጥር ላይጠሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጣሊያን በገባበት በ1928 ዓ.ም መወለዳቸውን ከነገሩ ወደ 90 ዓመት እንደሚጠጋቸው ማስላት የመርማሪው ፋንታ ነው። በሞንትሪያሉ መመዘኛ ታካሚው የሰዓት ሥዕል ሠርቶ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ» እንዲያመለክት ይጠየቃል። በኢትዮጵያ ልማድ አሥራ አንድ ሰዓት ሲባል የብዙ ሰው ሰዓት አጭሩ ዘንግ ያለው 5 ቁጥር ላይ ነው። እንዲህ አድርጎ የሣለ ሰው አልተሳሳተም። ቃሉን መተርጎም ብቻውን መመዘኛን የአገር አያደርገውም።

የመመዘኛው ዓይነት የአገርን አኃዝ ጭምር ይለውጣል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው አሥር/ስልሳ ስድስት የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ሥራ ነው። ስያሜው ከሕሙማኑ 66 በመቶ የሚሆኑት በታዳጊ አገሮች እየኖሩ እነርሱን የሚመለከተው ምርምር ግን ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ለማመልከት የተሰጠ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ በ2008 ባሳተመው ጥናት በወቅቱ ይሠራበት በነበረው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መስፈርት ሲለካ፣ በገጠር ሕንድ ከሚኖሩ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ሕመሙ የተገኘባቸው 0 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በኩባ 6 ነጥብ 3 በመቶ። ቡድኑ ለታዳጊ አገሮች ባዘጋጀው መለኪያ ግን ዝቅተኛው የገጠር ቻይና 5 ነጥብ 6 በመቶ፣ ከፍተኛው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ 11 ነጥብ 7 በመቶ ሆኖ ልዩነቱ ጠቧል። አረጋውያን በቤተሰብ በሚከበቡበትና ከባድ ሥራ በማይጠበቅባቸው ማኅበረሰብ ዘንድ የችሎታ መቀነስ ተሸፍኖ እንደሚቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ልጅ ገበያ የሚሄድላቸው፣ የልጅ ልጅ እጃቸውን ይዞ የሚያደርሳቸው አዛውንት ምን እንዳቃታቸው የሚያሳይ አጋጣሚ አይፈጠርም።

በአፍሪካ የተካሄዱ ጥናቶችም ሰፊ ትምህርት ይሰጣሉ። በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች መካከል በተመሳሳይ ዘዴ የተካሄደው ጥናት ሕመሙ በኢባዳን 2 ነጥብ 29 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 8 ነጥብ 24 በመቶ መሆኑን እ.ኤ.አ በ1995 አመልክቷል። እ.ኤ.አ በ2001 የታተመው ተከታዩ ሥራም በየዓመቱ በአዲስ የሚያዙት በኢባዳን 1 ነጥብ 35፣ በኢንዲያናፖሊስ 3 ነጥብ 24 በመቶ መሆናቸውን አረጋግጧል። የአኗኗር ሁኔታና የደም ሥር ጤና ለሕመሙ ያላቸውን ድርሻ በተመለከተ ጥናቱ ብዙ ጥያቄዎችን አስነስቷል። በሌላ በኩል በሰሜን ታንዛኒያ ሃይ ወረዳ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2013 የታተመው ጥናት ስርጭቱን 6 ነጥብ 4 በመቶ አድርሶታል። ሕመሙ «የበለጸጉ አገሮች ጉዳይ ነው» የሚለው አስተሳሰብ መሠረት እንደሌለው ይህ ያስረዳል።

ከሃይ ወረዳ የተገኘው ሌላው ቁም ነገር መመዘኛው ነው። ተመራማሪዎቹ በዚያው ያዘጋጁት አጭር የልየታ ዘዴ ማንበብና መጻፍን አይጠይቅም። አረጋውያን የሳምንቱን ቀን እንዲናገሩ፣ የሚያውቋቸውን እንስሳት እንዲጠሩ፣ የተነገሯቸውን ቃላት ቆይተው እንዲያስታውሱና በክብሪት እንጨት የተሠራ ቅርጽ አይተው እንዲደግሙ ይደረጋል። ሐኪም ያልሆነ የጤና ሠራተኛ ሠልጥኖ ሊሠራበት እንዲችል ታስቦ የተዘጋጀ መሆኑ ለኢትዮጵያ መሰል አገሮች ተመራጭ ያደርገዋል።

አዳዲስ ግኝቶችና ወሰናቸው

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዘርፉ ትልቅ ለውጥ ታይቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በግንቦት 2025 የአልዛይመር በሽታን ለመለየት የሚረዳ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዷል። ምርመራው ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክቱ ለታየባቸው ሰዎች በስፔሻሊስት ክትትል የሚደረግ ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2023 ሌካኔማብ ለተባለው፣ በ2024 ደግሞ ዶናኔማብ ለተባለው መድኃኒት ሙሉ ፈቃድ ሰጥቷል።

መድኃኒቶቹ ሕመሙን አያድኑም፤ የሚያደርጉት የመባባስ ፍጥነቱን መቀነስ ነው። ሌካኔማብ በ18 ወራት ሙከራ የታየበት ቅነሳ 27 በመቶ ነበር። የሚሰጡትም በሽታው ገና በጅምር ላይ ላሉ ሲሆን፣ በአንጎል ላይ እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ተደጋጋሚ የኤም አር አይ ክትትል ይጠይቃሉ። ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ በቅርብ ጊዜ የሚደረስባቸው አይደሉም። ስለዚህ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ቅድሚያው መከላከል፣ በወቅቱ መለየትና መንከባከብ ይሆናል።

መከላከልን በተመለከተ ያለው መረጃ ተስፋ ሰጪ ነው። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊለወጡ የሚችሉ 14 ተጋላጭነትን የሚጨምሩ ሁኔታዎችን ዘርዝሮ፣ እነዚህን ማስወገድ ቢቻል በዓለም ከሚከሰተው የመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነዚህ መካከል በልጅነት ትምህርት ማጣት፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ ማጨስ፣ አልኮል ማብዛት፣ የጭንቅላት ጉዳትና ብቸኝነት ይገኛሉ። በእንግሊዝ በሃያ ዓመት ልዩነት የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ሲነጻጸሩ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ዘንድ ይጠበቅ የነበረው 8 ነጥብ 3 በመቶ ስርጭት በተግባር 6 ነጥብ 5 በመቶ ሆኖ መገኘቱ መከላከል የሚቻል መሆኑን ያጠናክራል። ከዚህ አንጻር ሲታይ የገጠር ሴት ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባት፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽን በቀዶ ሕክምና መግፈፍና የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪ የራስ ቁር እንዲያደርግ ማስገደድ ከስልሳ ዓመት በኋላ ፍሬያቸው የሚታይ የአእምሮ ጤና ሥራዎች ናቸው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ በ2017 ያጸደቁት ዓለም አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር ቢያንስ በግማሾቹ አገሮች ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ በ2025 ምርመራ እንዲያገኙ ግብ ጥሎ ነበር። የመርሐ ግብሩ ዘመን እ.ኤ.አ በ2025 በተካሄደው የዓለም ጤና ጉባኤ እስከ 2031 እንዲራዘም መደረጉ ብዙ ሥራ መቅረቱን ያመለክታል።

ኢትዮጵያ ለሥራው የሚሆን መነሻ አላት። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የጤና ባለሙያዎችን እስከ ቤተሰብ ድረስ አድርሷል። አእምሮ ጤናን በአንደኛ ደረጃ ሕክምና ውስጥ ለማካተት የተዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የመርሳት ሕመምን ይጨምራል። የነርቭና የአእምሮ ሐኪሞች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች በሚገኙበት ሁኔታ ልየታው ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ካልጀመረ ሌላ አማራጭ አይኖረውም። ለደም ግፊት ክትትል የመጡ አረጋዊን ያመጣቸውን ልጅ «ባለፈው ዓመት ይሠሩት የነበረና አሁን ያቃታቸው ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥርጣሬ ሲኖር በየደረጃው ወደሚገኝ ሆስፒታል ማስተላለፍ ይቻላል።

ጉዳዩ የጤና ተቋማት ብቻ አይደለም። የጡረታ ክፍያ የሚፈጽሙ፣ የቤትና የመሬት ይዞታ የሚያዛውሩ፣ ውልና ውክልና የሚያረጋግጡ መሥሪያ ቤቶች በየዕለቱ አረጋውያንን ያስተናግዳሉ። የሚፈርሙበትን ወረቀት ምንነት የማያውቁ አዛውንት በአጠገባቸው በቆመ ሰው ግፊት ቤታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። በአንጻሩ ደግሞ ስም የዘነጉ ነገር ግን ጉዳያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ አረጋዊ «ጃጅተዋል» ተብለው በራሳቸው ንብረት ላይ ቃል እንዳይኖራቸው ሊደረግ ይችላል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአእምሮ ሕመምተኛን ጥቅም ለማስጠበቅ ፍርድ ቤት በፍርድ የመከልከል ውሳኔ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ውሳኔው የፍርድ ቤት እንጂ የመስኮት ሠራተኛ ወይም የወራሽ አይደለም። ፍርድ ቤቱም በትክክል ሊወስን የሚችለው ትክክለኛ የሕክምና ማስረጃ ሲቀርብለት ነው። አረጋዊውን ለብቻቸው አነጋግሮ የመጡበትን ጉዳይ በራሳቸው አንደበት እንዲያስረዱ ማድረግ ከማንኛውም ባለጉዳይ አስተናጋጅ የሚጠበቅ ጥንቃቄ ነው።

ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለው። የረሱትን ሰው መቆጣት፣ «ነግሬሽ አልነበር?» እያሉ መሞገት ሕመሙን አያሽረውም። ሥራቸውን በቀን መርሐ ግብር ማስያዝ፣ እሳትና መድኃኒትን መጠበቅ፣ ስማቸውና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በኪሳቸው ማኖር፣ የለመዱትን ጸሎት፣ ሶላትና ማኅበራዊ ኑሮ እንዳያቋርጡ ማገዝ ጠቃሚ ነው። ለረጅም ዘመን የተደጋገመ ነገር ከአእምሮ የሚጠፋው ዘግይቶ በመሆኑ የትናንቱን እንግዳ የረሱ አዛውንት የልጅነት ጸሎታቸውን ሳይሳሳቱ ሲወጡት ማየት ያልተለመደ አይደለም። አስታማሚዋም እረፍት ያስፈልጋታል፤ ወንድሞችና እህቶች ተራ ሊገቡላት፣ እድሩም ለቅሶ ሳይጠብቅ ሊደርስላት ይገባል።

በጥቅሉ የመርሳት ሕመምን ከእርጅና ለመለየት ቀዳሚው መሣሪያ በትዕግሥት የሚቀርብ ጥያቄና የአገሬውን ቋንቋ፣ ዘመን አቆጣጠርና ኑሮ የሚያውቅ ጠያቂ ነው። የሕሙማኑ ቁጥር ከአምስት እጥፍ በላይ እንደሚያድግ የተተነበየበት ዘመን ሃያ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ቀርቶታል። ያኔ አረጋውያን የሚሆኑት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ያሉት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ናቸው። «እማዬ አርጅታለች» ብሎ ከማለፍ በፊት የጤና ባለሙያ ዘንድ ወስዶ መጠየቅ፣ ሲጠየቅም በቂ መልስ የሚሰጥ የጤና ተቋም እንዲኖር ከወዲሁ መሥራት ከሁሉም ወገን የሚጠበቅ ኃላፊነት ይሆናል።